ደብተሩን ፈልጉ፦ ጎጃም ውስጥ በጤና መተግበሪያዎች ላይ የተጠቃሚ ጥናት እንዴት ይሠራል

ጤና ኬላ ስትገቡ ጠረጴዛው ላይ ታብሌት ታያላችሁ፤ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ አንዳንዴም ሻሽ ለብሶ። መሳቢያው ውስጥ ደግሞ ባለ 50 ሉክ ደብተር አለ፤ ጠርዙ የተጣጠፈ፣ ዓምዱ በእጅ የተሰመረ። እናት ስትመጣ መጀመሪያ የምትጻፈው ደብተሩ ላይ ነው። ታብሌቱ ላይ የምትገባው ማታ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤቷ ገብታ ልጆቿን ካስተኛች በኋላ ነው። እሱም ባትሪ ከተረፈ።

ይህን ሥራ ስጀምር ደብተሩን እንደ ስንፍና ነበር የማየው። የመጀመሪያው ሪፖርቴ ላይ «ባለሙያዎቹ አዲሱን አሠራር ገና አልለመዱም፤ ተጨማሪ ሥልጠና ያስፈልጋል» ብዬ ጻፍኩ። ዛሬ ሳነበው ያሳፍረኛል። ያ ደብተር መተግበሪያው ያጎደለውን ባለሙያዋ በራሷ እጅ የሞላችበት ነበር። ዓምዶቹን አንድ በአንድ ላነበበ ሰው ምን መሠራት እንዳለበት ከየትኛውም ቃለ መጠይቅ አብልጦ ይናገራል።

የተጠቃሚ ተሞክሮ አጥኚ፣ በሥራው ሰፈር አጠራር ዩኤክስ ሪሰርቸር፣ ሥራው ይኸው ነው። ፕሮግራመሩ ኮድ ይጽፋል፣ ዲዛይነሩ ገጹን ይስላል፤ አጥኚው ሰዎች ሥራቸውን በእርግጥ እንዴት እንደሚሠሩ አይቶ ለሁለቱም ይመሰክራል። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ኮምፒዩተር ወይም ጤና ተምራችሁ ወደዚህ ሥራ ለመግባት ካሰባችሁ፣ እኔ በስሕተት የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

ደረጃ 1፦ ስክሪኑን ሳትነኩ ሬጅስተሩን ማንበብ ልመዱ

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። በአንድ ቀበሌ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እንዲመደቡ ታስቦ የተዘረጋ ሲሆን፣ አንድ ጤና ኬላ ከ3000 እስከ 5000 ሰው ያገለግላል። አምስት ያህል ጤና ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይሆናሉ፤ የገጠር ጤና ጣቢያ 25,000 ለሚሆን ሕዝብ ነው። ከዚያ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ በመጨረሻም ባሕር ዳር ላይ እንዳሉት እንደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ያሉ ትልልቆቹ ይመጣሉ።

መረጃውም በዚሁ መሰላል ይወጣል። ጤና ኬላ ላይ በወረቀት የነበረው የቤተሰብ ፎልደር ወደ ታብሌት የገባበት ኢቺስ አለ፤ ሙሉ ስሙ የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ነው። ጤና ጣቢያ ላይ ወርኃዊ ሪፖርቱ ወደ ዲኤችአይኤስ 2፣ የጤና ተቋማት ሪፖርት ወደሚሰበሰብበት የኮምፒዩተር ሥርዓት፣ ይገባል። በየመካከሉ ታሊ ሺት (በጭረት የሚቆጠርበት ቅጽ) አለ፣ ሬጅስተር (የተገልጋዮች መዝገብ) አለ፣ ካርድ ክፍል አለ። እናንተ የምታጠኑት መተግበሪያ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የትኛዋ ቀለበት እንደሆነ ካላወቃችሁ፣ ተጠቃሚዋ ስለ አንድ ቁልፍ ስታማርር በእርግጥ የምታማርረው ከላይ ስለተጫነባት ሪፖርት መሆኑ ያመልጣችኋል።

ከኮምፒዩተር ትምህርት የመጣችሁ፣ ፈቃድ አግኝታችሁ አንድ ሙሉ ቀን ካርድ ክፍል ቁጭ በሉ። ምንም አትጠይቁ። ካርድ እንዴት እንደሚጠፋና እንዴት እንደሚገኝ ብቻ እዩ። ከጤና የመጣችሁ ደግሞ ተቃራኒው ችግር አለባችሁ፦ ሥራውን ስለምታውቁት ባለሙያዋ ስትሳሳት እጃችሁ ለማረም ይቸኩላል። ነርስ የነበረ የሥራ ባልደረባዬ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሙከራዎች በማስተማር ጨርሷቸዋል።

ደረጃ 2፦ ደብዳቤ

አሰልቺ ነው፤ ግን ከዚህ የሚያመልጥ የለም። የሥነ ምግባር ፈቃድ ከዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ወይም ከአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይወጣል። ከዚያ ደብዳቤው ከዞን ጤና መምሪያ ወደ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከወረዳ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ቀበሌ ይወርዳል። በየደረጃው ማኅተም አለ፤ ኃላፊውም «ስብሰባ ላይ ናቸው»። በዕቅዳችሁ ላይ ለዚህ ሁለት ሳምንት ያዙ። ከተረፋችሁ እሰየው።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ መረጃ ተብሎ በሕግ ተቀምጧል። በተግባር ሲተረጎም፦ የእውነተኛ ታካሚ ስም የሚታይበትን ገጽ ፎቶ አታንሱ፤ ሙከራ በፈጠራ ስም ብቻ ይደረግ፤ የቃለ መጠይቅ ድምፅ ቅጂዎቹ በግል ቴሌግራማችሁ አይመላለሱ። የመጨረሻውን የምለው ሁላችንም ስለምናደርገው ነው።

ስምምነት ስትጠይቁ ወረቀት አውጥታችሁ «እዚህ ላይ ይፈርሙ» አትበሉ። ፊርማ ሲባል የማዳበሪያ ዕዳና የመሬት ጉዳይ ትዝ የሚለው አባወራ ብዙ ነው። መጀመሪያ በቃል አስረዱ፣ ከዚያ «እስቲ እኔ ምን ልሠራ እንደመጣሁ ለባለቤትዎ ቢነግሩልኝ» በሉ። በራሳቸው ቃል መልሰው ከተናገሩት ገብቷቸዋል፤ ካልሆነ እንደገና ጀምሩ። ኮሚቴው ከፈቀደ በምስክር ፊት የቃል ስምምነት ይበቃል።

ደረጃ 3፦ ቀኑን ከእነሱ ቀን ጋር አስማሙ

የጤና ተቋማት ወርኃዊ ሪፖርት ከ21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ይቆጠራል። ስለዚህ ከ18 እስከ 26 ባለው ጊዜ ጤና ኬላ መሄድ ማለት እንጀራ እየጋገረች ያለችን ሴት ቁጭ ብለሽ አውሪኝ እንደማለት ነው። በጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ሰኔም እንዲሁ። ክትባት ዘመቻ ካለ ደግሞ ባለሙያዋን አታገኟትም።

ገበሬውን ወይም እናቶችን ለምትፈልጉ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ የገበያ ቀንም አይሆንም። ደጉ ነገር ጎጃም በበዓል ቀን ሞፈር አይነሣም። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም ሰው ከቅዳሴ መልስ እቤቱ ነው። ከፀበል ፀዲቁ በኋላ ከገባችሁ ጊዜ አላቸው። ብቻ ከጠላው እንዳታበዙ።

ሰዓት ስትቀጥሩ በእኛ ሰዓት ቅጠሩ። ስልካችሁ 9 ሰዓት ሲል እሳቸው ሦስት ሰዓት ነው የሚሉት፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፤ አዲስ አበባ የተሠራው የቀጠሮ ማስታወሻ ግን ሁልጊዜ አያውቀውም። ክረምት ላይ ከጮቄ ተራራ ሥር ያሉ አንዳንድ ቀበሌዎች በእግር ወይም በበቅሎ ካልሆነ አይደረስባቸውም። የመንገዱን ሰላም ደግሞ ጠዋት ከመነሣታችሁ በፊት ከወረዳው ሳይሆን ከዚያው ቀበሌ ሰው ጠይቁ። ካልሆነ ይቅር፤ ጥናት ይዘገያል እንጂ አይሞትም።

ደረጃ 4፦ አምስት ሰው ይበቃል? የትኞቹ አምስት?

የሶፍትዌር አጠቃቀም ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን በአንድ ሙከራ አምስት ተጠቃሚ አብዛኛውን ችግር ያሳያል ያለው በዚህ ሥራ እንደ ጸሎት ይደገማል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ አምስቱ አንድ ዓይነት ሰዎች እስከሆኑ ድረስ። ደጀን ቆላ ላይ በዓባይ ሸለቆ አፋፍ የምትሠራ ባለሙያ ቀኗን የምታሳልፈው በወባ ምርመራ ነው። ጮቄ ሥር ደጋ ላይ ያለችው ጓደኛዋ ያንኑ መተግበሪያ ይዛ የወባውን ገጽ ከፍታው አታውቅም። እንጅባራ አካባቢ ደግሞ እናቲቱ ከባለሙያዋ ጋር በአማርኛ ሰላም ተባብላ ሕመሟን ስትናገር ወደ አውንጊ፣ ወደ አገውኛዋ፣ ትሻገራለች። እነዚህን ቀላቅላችሁ «አምስት ተጠቃሚ ፈተንን» ብትሉ ከእያንዳንዱ አንድ ሁለት ሰው ነው ያያችሁት።

የኔ ልማድ፦ ከእያንዳንዱ ዓይነት አምስት፣ እሱ ካልተቻለ ዓይነቱን መቀነስ። ቦታ ስትመርጡም ከአስፋልት ዳር ያለውን ጤና ኬላ ብቻ አትውሰዱ። ደብረ ማርቆስ መግቢያ ላይ ያለው ኬላ ስንት አጥኚ እንዳስተናገደ ባለሙያዎቹ ራሳቸው እየሳቁ ይነግሯችኋል፤ ጥያቄውን ከእናንተ በፊት ይመልሱታል።

ስለ አበል አንድ ነገር። ሥልጠናና ስብሰባ ሁሉ አበል ስላለው «ስንት ነው?» መባላችሁ አይቀርም። መጀመሪያውኑ በግልጽ ተናገሩ፤ የምትሰጡት የስልክ ካርድም ይሁን ስኳርና ቡና፣ ለሁሉም እኩል፣ ሲያልቅ ይሁን። ኮሚቴው ያላየው ነገር አትስጡ።

ደረጃ 5፦ ከ«ጥሩ ነው» ማዶ መሻገር

ይህ ከሁሉም ይከብዳል። «መተግበሪያውን እንዴት አገኙት?» ብላችሁ ጎጃም ውስጥ ከጠየቃችሁ መልሱ ታውቋል፦ «ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።» ሰውዬው አልዋሸም። እናንተ እንግዳ ናችሁ፤ እንግዳ ያመጣው ነገር መጥፎ ነው አይባልም። ይሉኝታ ነው። በዚያ ላይ ከወረዳ በመጣ መኪና ከገባችሁ፣ ለባለሙያዋ የምትመልሰው መልስ ሁሉ ግምገማ ላይ የሚነሣ ይመስላታል።

ስለዚህ አስተያየት አትጠይቁ፤ የሆነ ነገር ጠይቁ። «ሲስተር፣ ትናንት መጨረሻ ያስተናገዷትን እናት ከበር ስትገባ ጀምሮ ያጫውቱኝ።» «ታብሌቱ ለመጨረሻ ጊዜ እምቢ ያለዎት መቼ ነው? ያኔ ምን አደረጉ?» እምቢ አለኝ፣ ይዞራል፣ ሲንክ አላደርግ (መረጃውን አልልክ) አለኝ፤ ቃላቱ እነዚህ ናቸው። እናንተም በእነሱ ቃል ጠይቁ።

ሁለተኛው መንገድ ነገሩን ከእሷ ላይ ማንሣት ነው። «አዲስ የተመደበች ልጅ ብትመጣ የት ላይ ትቸገራለች?» ስትሉ፣ ስለራሷ የማትናገረውን ሁሉ በዚያች ልጅ ስም ትነግራችኋለች። እንዲሁም «ይህን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ ብትነቅፉት የሚከፋው የለም» በሉ። እውነት ካልሆነ ግን አትበሉት።

ለሽማግሌና ለባልቴት አንቱ በሉ፤ «አባ»፣ «እማማ»፣ «እትዬ» እንደየቦታው። ቡና ከተፈላ ስልክ አታውጡ፤ አቦሉ ይጠጣ። ቁምነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ቅጂው ከቆመ በኋላ፣ ቶናው ላይ ነው። ያኔ በጆሮ ያዙት፤ ከቤቱ ወጥታችሁ ጻፉት፤ ከዚያ ተመልሳችሁ «ይህን ያሉትን ልጠቀምበት?» ብላችሁ ፍቀዱልኝ በሉ።

ወንድ አጥኚ ከሆናችሁ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ወር አበባ ለመጠየቅ ራሳችሁ አትግቡ። ሴት ባልደረባ ላኩ። አማቲቱ መደብ ላይ ተቀምጠው እያለ የሚገኝ መልስ የአማቲቱ መልስ ነው።

ደብተሩንም የምትጠይቁት እዚህ ላይ ነው፣ መጨረሻ ላይ፣ መተማመን ከመጣ በኋላ። «ለራስዎ የሚይዙት ማስታወሻ ካለ ቢያሳዩኝ?» ብቻ። ካመነታች አትጫኑ።

ደረጃ 6፦ ሲሠሩ ማየት

ተግባሩን እንደ ታሪክ ስጡ። «አዲስ ነፍሰ ጡር መዝግቡ» ከማለት ይልቅ፦ «አንዲት እናት መጣች። ለመጨረሻ ጊዜ ወር አበባ ያየሁት ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው አለች። ይመዝግቧት።» ሰው በእርግጥ ቀኑን የሚናገረው እንዲህ ነው።

መጽሐፎቹ «እየሠሩ ጮክ ብለው ያስቡ» በሏቸው ይላሉ። እኛ ጋ እንግዳ ፊት ብቻውን የሚያወራ ሰው የለም፤ ዝም ብላ ትሠራለች፣ ወይም ቆም ብላ ዓይናችሁን ታያለች። መፍትሔው ኬላው ውስጥ ተቀምጧል፦ ሁለት ባለሙያዎች አሉ። ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፣ አንድ ታብሌት ስጧቸው። «ኧረ እሱን አይደለም፣ ወደ ታች ሳቢው!» «ቆይ እንጂ፣ ይኼ ያለፈው የጠፋብኝ ነው» እያሉ እርስ በርስ ሲነጋገሩ፣ ለእናንተ የማይነግሯችሁን ሁሉ ይናገራሉ።

ሰው ሲቸገር እያዩ ዝም ማለት ነውር ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ «ዝም ብል ንቄዎት አይደለም፤ የምንፈትነው ታብሌቱን ነው።» ከዚያ በእርግጥ ዝም በሉ። እጃችሁን ከጭናችሁ ሥር አስቀምጡ። አልቀለድኩም፤ እኔ የምሠራው እንደዚያ ነው።

የተሠራ መተግበሪያ ከሌለ ገጾቹን በወረቀት ሣሉ። ፊግማ በሚባለው የገጽ መንደፊያ ሶፍትዌር ላይ ያማረ ሥዕል ይዞ ኔትወርክ ወደሌለበት ቀበሌ መሄድ ዋጋ የለውም፤ ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር አትርሱ። ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ የጤና መሣሪያ እዚህ አገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል፤ ይህን የመጀመሪያው ፈተናችሁ አድርጉት። ሲሙን አውጡና ተግባሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስጨርሱ።

ደረጃ 7፦ ቀን፣ ስምና ቃል

ሁልጊዜ የምፈትናቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ችግሩ ሁልጊዜ እዚያው ነው።

ቀን። የፍልሰታዋን እናት ውሰዱ። ነሐሴ 3 ማለት ነው። አዋላጇ የመውለጃ ቀኗን በጣቷ ታወጣለች፦ 9 ወርና 10 ቀን ትጨምራለች፤ ጳጉሜን ከተሻገረች ግን 10ሩን 5 ታደርገዋለች፤ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት 4። እርግዝና 280 ቀን ነው፣ ዘጠኙ ወራት 270፤ ሒሳቡ እንከን የለውም። ግንቦት 8 ትላለች። መተግበሪያው ደግሞ «ሜይ 16» ይላል። ቀኑ አንድ ነው፤ እናቲቱ ግን ሜይን አታውቀውም፣ ስለዚህ አዋላጇ እንደገና በጣቷ ታሰላና በወረቀት ጽፋ ትሰጣታለች። ጣት ስትቆጥር ካያችኋት መተግበሪያው ሥራዋን አልሠራላትም ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ዓመቱ ነው። በ2016 የተወለደ ሕፃን ዓመተ ምሕረቱ ሳይለወጥ በፈረንጅ ሳጥን ከገባ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት የሚሰጠው ክትባት «ጊዜው አልፏል» ተብሎ ቀይ ይበራል። ባለሙያዋም ቀዩን ችላ ማለት ትለምዳለች፤ አንድ ቀን ግን ቀዩ እውነት ይሆናል።

ስም። «የአባት ስም» የሚለው ሳጥን ከእንግሊዝኛ «የቤተሰብ ስም» ተተርጉሞ የመጣ ከሆነ፣ ባልና ሚስት፣ ልጅም ጭምር፣ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ይጠብቃል። ከዚያ ፊደሉ፦ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ። ሰው አንድ ነው፣ ፍለጋው ግን አራት ሰው ያደርገዋል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። ፍለጋው እነዚህን አንድ አድርጎ ካላየ በወር ውስጥ ድርብ መዝገብ ይሞላል። አዲስ የተወለደ ልጅም ክርስትና እስኪነሣ ስም ላይወጣለት ይችላል፤ መተግበሪያው ስም ካልሞላ አልሄድም ካለ ባለሙያዋ ነጥብ ወይም «ህህህ» ትጽፋለች። እነዚያን ነጥቦች ቁጠሯቸው።

ቃል። አንድ ቦታ ላይ ያየሁት መልእክት «መዝገቡ ይሰረዝ?» ይልና ከሥሩ ሁለት ቁልፍ ያስቀምጣል፦ «ሰርዝ» እና «እሺ»። የትኛው መዝገቡን ያጠፋዋል፣ የትኛው ማጥፋቱን ይተወዋል? እኔም እስከዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። በእንግሊዝኛ ሁለት የነበረው ቃል በአማርኛ አንድ ሆኖ ነው። «አጥፋ» እና «ተወው» ቢባል አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ማስተካከያ ነበር። ሌላው፣ ተጠቃሚዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ሆነው ገጹ ሁሉ «ምረጥ»፣ «አስገባ» ይላል። «ይምረጡ» ሁሉንም ያስማማል።

ለታካሚ የሚሆን መሣሪያ ከሆነ የሕመም ዝርዝሩን በጆሮ ፈትኑ። «ልቤን አመመኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ እጁን የሚያሳርፈው ጨጓራው ላይ ነው። ምች መታኝ፣ መጋኛ ነው፣ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ጎኔን ይወጋኛል ይላል። «ራስ ምታት፦ አዎ/አይ» ከሚል ዝርዝር ውስጥ የራሱን ሕመም ካላገኘ «አይ» ይላል። ስለ መድኃኒት ማስታወሻም ከጠየቃችሁ ስለ ጾምና ስለ ጠበል ጠይቁ፤ በጾም ጠዋት ውኃ የማይቀምስ ሰው የጠዋቱን ክኒን መቼ እንደሚውጠው መተግበሪያው መጠየቅ አለበት።

ደረጃ 8፦ ስልኩ የማን ነው?

አጭር መልእክት የሚልክ ነገር ካለው ይህን ጥያቄ አትለፉ። በግዕዝ ፊደል የሚላክ አጭር መልእክት 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ በላቲን 160። ስለዚህ አንዳንዱ ሠሪ አማርኛውን በላቲን ጽፎ ይልካል፣ ያንን ደግሞ የሚያነበው ከተማ የሚማረው ልጅ ነው። ባለ ቁልፍ ስልኩ የአባወራው ሲሆን፣ መልእክቱን የሚያነበው ልጅ፣ መልእክቱ የእናትየው ነው። አሁን «የመርፌ ቀንሽ ደርሷል» የሚል ማስታወሻ አስቡ፤ የቤተሰብ ምጣኔውን ባሏ ሳያውቅ በየሦስት ወሩ ለምትወስድ ሴት። ስልኩ ጮኸ ማለት ቤቷ ተናወጠ ማለት ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለውን ግኝት «የአጠቃቀም ችግር» ብላችሁ ከቁልፉ ቀለም ጋር አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ አታስገቡት። በዚያው ቀን ለመተግበሪያው ሠሪዎች ደውሉ።

ደረጃ 9፦ ነጥብ ስትሰጡ

ጆን ብሩክ በ1986 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀውን የ10 ጥያቄ መለኪያ፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃሉ ሱስ (SUS) የሚባለውን፣ አሠሪዎች ይወዱታል፤ ከ100 የሚወጣ ቁጥር ይሰጣልና፣ መካከለኛውም 68 ነው ይባላል። ጥያቄዎቹ አንዴ ወደ ደግ፣ አንዴ ወደ ክፉ ናቸው፦ «ቀላል ነው»፣ «የተወሳሰበ ነው»። እኛ ጋ ተጠቃሚው ሁለቱንም «እስማማለሁ» ሊላችሁ ይችላል፣ እንግዳ ላለማስቀየም። ከ1 እስከ 5 ከሚሰጠው መልስ፣ ጎደሎ ቁጥር ካላቸው ጥያቄዎች (1፣ 3፣ 5…) መልስ 1 ትቀንሳላችሁ፣ የሙሉ ቁጥሮቹን (2፣ 4፣ 6…) መልስ ከ5 ትቀንሳላችሁ፣ ድምሩን በ2.5 ታባዛላችሁ። ለአሥሩም አንድ ዓይነት መልስ የሰጠ ሰው፣ አንድም ይበል አምስት፣ ውጤቱ ሁልጊዜ 50 ነው። ስለዚህ 50 ከበዛባችሁ የለካችሁት ይሉኝታን ነው። እኔ ለሪፖርቱ እሰበስበዋለሁ፤ የማምነው ግን ስንቱ ሰው ሥራውን ያለ እርዳታ እንደጨረሰና ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት ነው።

ደረጃ 10፦ ትንተናና ሪፖርት

የአንድ ሰዓት ቅጂ መገልበጥ ከአራት ሰዓት በላይ ይበላል፤ ሙሉ ቀን የሚፈጅም አለ። አማርኛውን በአማርኛ ተንትኑት፤ ወደ እንግሊዝኛ የምትመልሱት መጨረሻ ላይ የምትጠቅሷቸውን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ይሁን። «አስጨነቀኝ»፣ «ሰለቸኝ»ና «ደበረኝ» ሦስቱም በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ሆነው ሲያልቁ አይቻለሁ፤ ሦስቱ ግን ሦስት የተለያየ ማስተካከያ ይፈልጋሉ።

ግኝቶቹን በጉዳት ቅደም ተከተል አስቀምጡ፦ በሽተኛ የሚጎዳ፣ መረጃ የሚያሳስት፣ ሥራ የሚያዘገይ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መልክ። ፕሮግራመሩ አምስት ነገር ብቻ እንደሚያስተካክል አስባችሁ አምስቱን ከላይ አድርጉ። ሰላሳ ገጽ አይነበብም፤ ባለሙያዋ ጣቷን ስትቆጥር የሚያሳይ የ40 ሰከንድ ቪዲዮ፣ ፊቷ ሳይታይ፣ ስብሰባውን ዝም ያሰኘዋል።

ፊቷ ሳይታይ ያልኩት በምክንያት ነው። በአንድ ጤና ኬላ ሁለት ባለሙያ ብቻ ናቸው። የቀበሌውን ስም ጻፋችሁ ማለት ስሟን ጻፋችሁ ማለት ነው። በተለይ ደብተሩን ካሳየቻችሁ፣ «በታብሌት መመዝገብ ሲገባት በደብተር ትመዘግባለች» ብሎ የሚያነበው ተቆጣጣሪ አይጠፋም። ቀበሌውን ወደ «ደጋ» ወይም «ቆላ» ለውጡት፤ የእጅ ጽሑፉን ራሳችሁ ገልብጣችሁ አቅርቡት።

ደረጃ 11፦ ሥራውን ማግኘት

«ዩኤክስ ተመራማሪ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ብዙ አትጠብቁ። ሥራው ያለው ግብረ ሰናይ ድርጅቶችና ዩኒቨርሲቲዎች በሚያካሂዱት የዲጂታል ጤና ፕሮጀክት ውስጥ «መስክ አጥኚ»፣ «ሥልጠናና ድጋፍ» ወይም «ክትትልና ግምገማ» በሚል ስም ነው። የምታሳዩት ሥራ ከሌላችሁ ከቤታችሁ ጀምሩ፦ የአያታችሁ የግፊት መድኃኒት እንዴት እንደሚወሰድ አንድ ሳምንት በፈቃዳቸው አስተውሉ፣ በሁለት ገጽ ጻፉ፣ አንዱን በአማርኛ አንዱን በእንግሊዝኛ። ያያችሁትን፣ የገመታችሁትንና የተሳሳታችሁትን ለዩ። ቀጣሪ የሚፈልገው ሦስተኛዋን ነው።

ደረጃ 12፦ መመለስ

አብዛኛው አጥኚ አይመለስም። በጀቱም አይፈቅድም፤ ከመነሻው ካላስገባችሁት። ማስተካከያው ከወጣ ሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ ከ5 እስከ 15 ባለው ቀን፣ ተመለሱ። «ተሻሻለ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱን ታውቁታላችሁ። ደብተሩን ብቻ አይታችሁ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ምን መጻፍ እንደቆመ አንብቡ።

እኔ ስመለስ ቡናው ተፈልቶ ጠበቀኝ። ባለሙያዋ ሳልጠይቃት ደብተሩን አወጣችው። የክትባቱ ገጽ ጥር 14 ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ በታብሌት ነው። የነፍሰ ጡሮቹ ገጽ ግን እስከዚያው ጠዋት ድረስ ተጽፏል፤ እንዲያውም አዲስ ዓምድ ተሰምሮበታል፦ «ምጥ ቢመጣ የሚሸከሟት ሰዎች ስም»። ዓምዱን ገልብጬ፣ በረካውን ጠጥቼ፣ ባጃጁ ሳያመልጠኝ ወጣሁ።